ልጅቷን የጠየቃት የለም

በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ ትምህርት ቤቶች በአስተርጓሚነት ስሠራ፣ ከማልወዳቸው ጥሪዎች ቀዳሚው የዲሲፕሊን ስብሰባ ነው። በቅርቡ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ለጓደኛዋ አንድ ፍሬ አይቡፕሮፌን ሰጥታ ተገኘች። በደንቡ ይህ «መድኃኒት ማደል» ነው፤ ቅጣቱም እገዳ። ምክትል ርዕሰ መምህሯ ወረቀቱን አነበበች፣ እኔ ተረጎምኩ። አባትየው ከወንበራቸው ብድግ ብለው፦

«ጥፋት ጥፋት ነው። ይቅርታ ጠይቂልኝ እህቴ። የት ልፈርም?»

ልጅቷ አንገቷን እንደደፋች ነበር። ክኒኑን እናቷ ለወር አበባ ሕመም እንደሰጠቻት፣ ጓደኛዋም ያን ዕለት ያው ሕመም ይዟት እንደነበር የሰማሁት ሁሉም ካበቃ በኋላ ኮሪደር ላይ ነው። አባቷ ፊት እንዴት አድርጋ ትናገረው? አስተርጓሚ ደግሞ ያልተነገረውን አይተረጉምም።

እንዲህ ምክንያት ሳይጠይቅ የሚቀጣው፣ «ዜሮ ቶለራንስ» የሚባለው አሠራር በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ሥር የሰደደው በተለይ ከ1994 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። የዚያ ዓመት የፌዴራል ሕግ ጠመንጃ ይዞ የመጣ ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲባረር አዘዘ። በዚህ የሚከራከር ብዙ ሰው አላጋጠመኝም። ነገሩ የተበላሸው ትምህርት ቤቶች ያንኑ ድርቅና ወደ ሰንጢ፣ ወደ አሻንጉሊት ሽጉጥና ወደ ራስ ምታት ክኒን ሲያወርዱት ነው። ሕጉ ራሱ እኮ የትምህርት ኃላፊው ቅጣቱን እንደየጉዳዩ ማሻሻል እንዲችል ይፈቅዳል። ለጠመንጃ የተተወውን ፋታ ለአይቡፕሮፌን ነፈጉት!

አሪዞና ውስጥ በ2003 የ13 ዓመት ልጅ ይህንኑ ክኒን ይዛለች ተብላ እስከ ውስጥ ልብሷ ተፈትሻለች። ምንም አልተገኘባትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍተሻው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል እስኪል ድረስ 2009 ደረሰ። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ያቋቋመው ግብረ ኃይልም በ2008 ባወጣው ሪፖርት፣ ይህ አሠራር ትምህርት ቤቶችን ይበልጥ ሰላማዊ ስለማድረጉ ማስረጃ እንዳላገኘ ጽፏል።

ደንቡ «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። የእኛም ወላጆች አይጠይቁም፤ በመምህር ፊት ለልጅ መከራከር ነውር ነው ተብለው አድገዋል። አገር ቤት ይቅርታ መጠየቅ ነገሩን ያበርደዋል። እዚህ ግን ጥፋቱን እንደማመን ተቆጥሮ ከልጁ መዝገብ ጋር ሊቀመጥ ይችላል።

እናም ለዲሲፕሊን ስብሰባ የሚጠራ ደብዳቤ የደረሳችሁ ወላጆች፣ በሕዝብ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ለጥቂት ቀናት ሲታገድ እንኳ ክሱ ሊነገረውና የራሱን ቃል ሊሰጥ እንደሚገባ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ወስኗል። አስተርጓሚ በነፃ ጠይቁ። ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ልጃችሁን ለብቻ አናግሩ። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ እናቷ ወይም አክስቷ ትምጣላት።