የከብቶቻችሁን ገላ በእጃችሁ ዳስሱ

ገበሬዎች ሆይ! ከብት ሕመሙን በአፉ አይናገርም፤ የሚናገርለት የባለቤቱ ዓይንና እጅ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን ከብቱን ከማሰማራታችሁ በፊት ከአንገቱ እስከ ጭኑ፣ የላሚቱንም ጡት ጭምር ዳስሱ። እብጠት ብታገኙ ከሚከተሉት ጋራ አስተያዩት።

1ኛ/ እሾህ በወጋው ወይም ቀንበር በላጠው ስፍራ ብቻ የወጣ፣ መግል የቋጠረ እባጭ ብዙ ጊዜ አያጣድፍም። ሆኖም ቁስሉ እንዳይመረዝ ራሳችሁ አትብጡት። በአንድ ሳምንት ካልጎደለ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ።

2ኛ/ ከብቱ ትኩሳት ይዞት በመላ ገላው ጠንካራና ክብ እባጮች ቢያወጣ የከብት ቆዳ እባጭ በሽታን ጠርጥሩ። ይህ በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ነው። ነካሽ ዝንቦችና ትንኞች ያዛምቱታል። ከብቱን ከመንጋው ለይታችሁ በዚያው ቀን ለልማት ሠራተኛ ወይም ለእንስሳት ጤና ኬላ አስታውቁ።

3ኛ/ የሰባ ወይፈን ወይም ጊደር በድንገት ቢያነክስ፣ ጭኑ ወይም ትከሻው አብጦ ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቅጠል ቢንኮሻኮሽ አባ ጎርባን ጠርጥሩ። ከ1 እስከ 2 ቀን ውስጥ ይገድላልና ነገን ሳትጠብቁ ሐኪም ጥሩ። ከሞተ ሥጋውን አትብሉ፤ ቆዳውን ሳትገፉ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩት።

ለእነዚህ ሁለት በሽታዎች ክትባት አለ። የልማት ሠራተኞች የክትባቱን ቀን አስቀድመው ለገበሬው ያስታውቁ፤ ገበሬውም በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ከብቱን ያስከትብ።