ሃርድ ዲስክን በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ ማዘጋጀት፦ ከመንቀላችን በፊት ማወቅ ያለብን

ብዙዎቻችን የቤተሰብ ፎቶዎችን፣ የተቀዱ ትምህርቶችንና ሰነዶችን በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እናስቀምጣለን። አንዳንዴም በዲስኩ ላይ ያለው የሌሎች ሰዎች አደራ ነው። ኮምፒውተራችን በሊኑክስ የሚሠራ ከሆነ ይህ አደራ እንዳይጠፋ አሠራሩን ማወቅ ይኖርብናል።

በዊንዶውስ ላይ አዲስ ዲስክ ስንሰካ «ዲ» ወይም «ኢ» የሚል የራሱ ፊደል ይሰጠዋል። ሊኑክስ ግን ይህን አይጠቀምም። ፋይሎች ሁሉ ከአንድ ግንድ እንደሚወጡ ቅርንጫፎች ናቸው፤ አዲሱ ዲስክም ከአንድ ፎልደር ጋር መያያዝ አለበት። ይህም «ማውንት ማድረግ» ይባላል። ኡቡንቱን የመሳሰሉት ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ያያይዙታል።

1. ዲስኩን መለየት፦ በተርሚናል ላይ «ኤል ኤስ ቢ ኤል ኬ» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት አያይዘን ስንጽፍ የዲስኮቹ ስምና መጠን ይዘረዘራል። የእኛን በመጠኑ እንለየው። ፎርማት ማድረግ በዲስኩ ላይ ያለውን ስለሚያጠፋ ስሙን ሁለት ጊዜ ማረጋገጥ ተገቢ ነው።

2. ፎርማት መምረጥ፦ ዲስኩ ለሊኑክስ ብቻ ከሆነ «ኢኤክስቲ4» ይመረጣል። በዊንዶውስም የምንጠቀምበት ከሆነ «ኤክስፋት» ይሻላል። «ፋት32» ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል ስለማይቀበል ለረጅም ቪዲዮ አይሆንም።

3. በቋሚነት ማያያዝ፦ ዛሬ «ኤስዲቢ» የተባለው ዲስክ ነገ «ኤስዲሲ» ሊባል ይችላል። ስለዚህ «ኤፍኤስታብ» በተባለው ፋይል ላይ በዚህ ስም ሳይሆን «ዩዩአይዲ» በሚባለው መለያ ቁጥሩ እንመዝግበው። «ኖፌይል» የሚለውን ቃልም እንጨምር። ያለዚያ ዲስኩ ሳይሰካ ኮምፒውተሩ ሲነሣ እሱን ሲጠብቅ ቆይቶ ሥራውን ላይጀምር ይችላል።

4. በሥርዓት መንቀል፦ ብዙ ፋይል የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሊኑክስ ሥራን ለማፋጠን የምንገለብጠውን ፋይል መጀመሪያ በራሱ ሜሞሪ ይይዛል፤ ወደ ዲስኩ የሚጽፈው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ «ኮፒው አልቋል» ተብሎም ጽሑፉ ገና ሊሆን ይችላል። በዚያ ቅጽበት ገመዱን ብንነቅል ፋይሉ ጎድሎ ይቀራል፤ ባስ ሲልም ዲስኩ አልከፈት ይላል። መፍትሔው ከዲስኩ ስም አጠገብ ያለውን የማስወጫ ምልክት መጫን ወይም በተርሚናል «ዩማውንት» ማለት ነው። ሲጻፍ ከ«ዩ» በኋላ «ኤን» የለውም። «ዲስኩ ሥራ ላይ ነው» የሚል መልእክት ከመጣ የተከፈተውን ፋይል ዘግተን እንደገና እንሞክር። የቀረው ተጽፎ እስኪያልቅም እንታገሥ።

በመጨረሻም፣ በጥንቃቄ የተያዘ ዲስክም አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። አደራ የሆነ ነገር በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ አይቀመጥ፤ ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ቦታ ይኑረን።