የባበልን እግሮች ማን ከዳቸው?

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2001 ዶርትሙንድ ላይ የተደረገውን የዩኤፋ ዋንጫ ፍጻሜ የሊቨርፑል ደጋፊ መቼም አይረሳውም። ቀዮቹ አላቬስን 5 ለ 4 ሲረቱ የመጀመሪያዋን ጎል በጭንቅላቱ ያስቆጠረው ጀርመናዊው የቀኝ ተመላላሽ ማርከስ ባበል ነበር። በዚያው የውድድር ዘመን ክለቡ የሊግ ዋንጫን፣ የኤፍ ኤ ዋንጫንና የዩኤፋ ዋንጫን ጠራርጎ ወሰደ።

ደስታው ግን ብዙም አልቆየም። አዲሱ የውድድር ዘመን ገና እንደተጀመረ ባበልን ድካም ያዘው። መጀመሪያ ኤፕስታይን ባር የተባለ ቫይረስ ተገኘበት። ቀጥሎ የመጣው የባሰ ነበር፤ ጊላን ባሬ የተባለው የነርቭ በሽታ። በ1996 ከጀርመን ጋር የአውሮፓን ዋንጫ ያነሳው ተከላካይ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ዋለ።

ለመሆኑ ይህ ምን ዓይነት በሽታ ነው? አላቬስን የጣለችው ወርቃማ ግብ የራሱ ተጫዋች ያስቆጠራት ነበረች። ጊላን ባሬም እንደዚያው ነው። ቫይረስን ሊከላከል የወጣው የሰውነት ኃይል ዞሮ የራሱን ነርቮች ይመታል። ድክመቱ ከእግር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲብስ ትንፋሽ ያሳጣል።

እዚህ ላይ በትላልቅ ክለቦች የሚዘወተር አንድ የደም ምርመራ ይነሳል። ክሬያቲን ካይኔዝ ወይም በአጭሩ «ሲኬ» ይባላል። ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚያፈሰው ኢንዛይም ነው። በተራ ሰው ደም ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ብዙም አይርቅም። ከከባድ ጨዋታ በኋላ በነበረው ቀን ግን የተጫዋች ሲኬ 1000 ቢደርስ የሚደነግጥ የለም። «ሁለት ቀን ይረፍ» ይባላል፣ አለቀ።

ችግሩ ታዲያ ምኑ ላይ ነው? ጡንቻ የሚኖረው በነርቭ ትእዛዝ ነው። ነርቩ ሲጎዳ ትእዛዝ ያጣው ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ኢንዛይሙንም ሊያፈስ ይችላል። በአንዳንድ የጊላን ባሬ ታማሚዎች ላይም ሲኬ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጭማሪው ግን ብዙ ጊዜ መጠነኛ በመሆኑ ተጫዋች ላይ ሲሆን ከልምምድ ድካም ጋር በቀላሉ ይምታታል።

ነገሩ በተገላቢጦሽም ይሠራል። ቅልጥሙን ክፉኛ የተመታ ተጫዋች ጡንቻው ሊያብጥ ይችላል። የቅልጥም ጡንቻ በማይለጠጥ ሽፋን የታሰረ ስለሆነ እብጠቱ መውጫ ሲያጣ በውስጡ የሚያልፈውን ነርቭ ያንቃል። ሲኬ ያሻቅባል፣ የእግር ጣት ይደነዝዛል፣ እግርን ወደ ላይ ማንሳት ያቅታል። ይህ በረዶ ይዞ የሚጠበቅ ጉዳት አይደለም፤ በሰዓታት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ይፈልጋል።

ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን ዳኛ አይሆንም። የልምምድ ድካም በእረፍት ይለቃል። እረፍት ያልመለሰው ድክመት፣ የጣት መደንዘዝ፣ የሚጎተት እግር፣ ጉልበቱ በመዶሻ ሲነካ የማይፈናጠር እግር ግን ከወጌሻ አልፎ የነርቭ ሐኪም ጉዳይ ነው። እሱም የነርቩን የኤሌክትሪክ ፍጥነት ለክቶ ጥፋቱ የጡንቻው ይሁን የነርቩ ይለያል።

ባበል ከወንበሩ ተነስቷል። በአንፊልድ የቀድሞ ቦታውን ማስመለስ ባይችልም በብላክበርን በውሰት ተጫወተ፤ ከዚያም ወደ ሀገሩ ተመልሶ በ2007 ከስቱትጋርት ጋር የቡንደስሊጋን ዋንጫ አነሳ። እንደገና መራመድ ለተማረ ሰው ከዚህ በላይ ምን ድል አለ?