በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?

እማዬ "ትንፋሽ ያጥረኛል" ስትል ቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ ብርድ ነው አለ፣ ሌላው ጨጓራ። እኔም "ዕድሜ ነው እማዬ፣ ዳገት ለማን ይቀላል" ብዬ አረፍኩት። ፌጦ በማር ተበጠበጠ፣ መስኮት ተዘጋ።

ሐኪም ቤት ስንሄድ ወጣቷ ዶክተር ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሳታደርግ በፊት "እማማ፣ ሌሊት በስንት ትራስ ነው የሚተኙት?" አለቻት። እማዬ ወደ እኔ በሐፍረት እያየች "ድሮ በአንድ፣ አሁን በሦስት። አንዳንዴማ ቁጭ ብዬ አነጋለሁ" አለች። አንድ ቤት እየኖርን አላውቅም ነበር። ዶክተሯ ካልሲዋን ዝቅ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀችው። የጣቷ ጉድጓድ እዚያው ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን እግር ላይ የሚጠራቀመው ፈሳሽ ስንጋደም ወደ ላይ ይመለሳል። ጤነኛ ልብ ገፍቶ ያሳልፈዋል። የደከመ ልብ ግን አይችለውም፤ ደሙ ሳንባ ውስጥ ይጨናነቅና ውሃው ወደ አየር ከረጢቶቹ ይሰርጋል። በሽተኛው እኩለ ሌሊት አየር ፍለጋ ብድግ ይላል፣ ሲቀመጥ ይቀልለዋል። ቤተሰብ ቅዠት ይመስለዋል። የእማዬን ልብ ያደከመው ለዓመታት ችላ የተባለ ደም ግፊት ነው።

ትንፋሽ ያጠረው ሁሉ ግን የልብ ሕመምተኛ አይደለም። ደም ማነስ ካለ ልብም ሳንባም ደህና ሆነው ኦክሲጅን ተሸካሚው ያንሳል፤ ደረጃ መውጣት ያቅታል። አስም ሲተነፍሱ ያፏጫል። ዕድሜዋን ሙሉ የእንጨትና የከሰል ጭስ ስትምግ የኖረች ሴት ሲጋራ ሳትነካ የአጫሽ ሳንባ ሊኖራት ይችላል (እማዬም ምድጃ ሥር ነው ያረጀችው፤ ሳንባዋም የተመረመረው ለዚህ ነው)። ጭንቀትም ትንፋሽ ያሳጥራል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን "ጭንቀት ነው" የሚባለው ሌላው ሁሉ ከታየ በኋላ ነው።

ትንፋሹ ድንገት ካጠረ፣ ደረት ካመመ፣ ከንፈር ከጠቆረ፣ ወይም ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መጨረስ ካቃተው ፌጦ አይበጠበጥም፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። አንድ እግር ብቻ አብጦ ትንፋሽ ሲያጥርም እንደዚሁ፤ የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሄዶ ሊሆን ይችላል።

እማዬ አሁን ፈሳሹን በሽንት የሚያስወጣ ኪኒን ትወስዳለች። ጠዋት ጠዋት ሚዛን ላይ ትቆማለች፤ በሦስት ቀን 2 ኪሎ ከጨመረች ቶሎ እንድናመጣት ተነግሮናል፣ ይህን ያህል ስብ በሦስት ቀን ስለማይመጣ ውሃ ነው ማለት ነው። የተጣላነው በጨው ነው። ትናንት ሽሮዋን ቀመሰችና "ይኼ የበሽተኛ ነው የእስረኛ?" ብላ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።