ሳንቲሙን ማን ቀባው?

በ1962 መገባደጃ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከአሜሪካ ግምጃ ቤት ለአሥርተ ዓመታት ያልተፈቱ የሸራ ከረጢቶች መውጣት ጀመሩ። በእያንዳንዱ ከረጢት 1,000 የብር ዶላር ታጭቋል፤ ክብደቱ 27 ኪሎ ግድም ነው። ወሬው ሲዛመት በዋሽንግተን የግምጃ ቤቱ ደጃፍ በሰልፈኛ ተጨናነቀ። ከ1878 ጀምሮ የታተሙትና በቀራጺያቸው በጆርጅ ሞርጋን ስም የሚጠሩት እነዚህ ዶላሮች ብዙዎቹ ገበያ ወጥተው አያውቁም፤ ነጭ እንደሆኑ ቆይተዋል። አልፎ አልፎ ግን ጉደኛ ሳንቲም ብቅ ይላል። በአንድ ገጹ ነጭ ነው፤ ሲገለብጡት ወርቃማ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ተደራርቦበታል።

ብር ሲቆይ እንደሚጠቁር እኛም እናውቃለን። ከሴት አያቱ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ጠገራ ብር ያየ ሰው ጥቁረቱን ያስታውሳል። ይህኛው ግን ጥቁረት አይደለም። ቀለም ተቀብቶ እንዳይባልም በጣት ቢያሹት አይለቅም።

ምስጢሩን ያወጡት ራሳቸው ሳንቲሞቹ ናቸው። ጥፋቱ የአየር ብቻ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ገጽ በተለወጠ ነበር። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ በቀለሙ መሀል ማጭድ የመሰለ ነጭ ቅስት አለ፤ ሌላ ዶላር ቢያስጠጉበት ቅስቱ ከጠርዙ ጋር ልክ ይገጥማል። ጎረቤት ሳንቲም ተደርቦ የከለለው ቦታ ነው ማለት ነው። በማጉያ መነጽር ያዩት ደግሞ ከሁሉ የሚገርመውን አገኙ፦ በአንዳንዶቹ ቀለም ውስጥ የክርና የማግ ንድፍ ታትሞ ይታያል። ከረጢቱ መሀል የነበሩት ነጭ ሆነው ሲወጡ፣ ቀለም የያዙት ሸራውን ተጠግተው የኖሩት ናቸው።

ሸራው ውስጥ ምን ነበረ? ድኝ። ብር ኦክስጅንን ከቁብ አይቆጥረውም፤ በድኝ ፊት ግን አቅም የለውም። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ በአየር ውስጥ ከቢሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ቢሆን እንኳ ብሩን ቀስ በቀስ ወደ ሲልቨር ሰልፋይድ ይለውጠዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ያ ሽፋን የተሠራው ከሳንቲሙ ከራሱ ብር ነው። በአመድ ፈትጎ የሚያነጣው ሰው የሚያጥበው እድፍ ይመስለዋል እንጂ ብር እየፋቀ ነው።

ችግሩ ግን አልተፈታም። ሲልቨር ሰልፋይድ በተፈጥሮው ጥቁር ነው። ሰማያዊው ከየት መጣ?

መልሱ ከዶላሩ ይልቅ ዕድሜ ጠገብ ነው። አይዛክ ኒውተን ጎበጥ ያለ መስታወት በጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲጫን በመሀላቸው የቀለም ቀለበቶች አየ፤ እያንዳንዱ ቀለም ከመሀላቸው ካለው ክፍተት ስፋት ጋር እንደሚሄድም ለካ፤ በ1704 ባሳተመው መጽሐፉም አሰፈረው። ምክንያቱን በወጉ ያስረዳው ግን ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው ቶማስ ያንግ ነው። ከስስ ሽፋን ላይ የሚነጥረው ብርሃንና ሽፋኑን አልፎ ከሥሩ የሚነጥረው ብርሃን ሲገናኙ ሞገዶቻቸው አንዱን ቀለም ያጠፉታል፣ ሌላውን ያጎሉታል። ዝናብ ባቆረው ውኃ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ የሚያብረቀርቀው በዚሁ ሕግ ነው።

ይህን ሕግ ለሥራ ያዋሉትም ነበሩ። የዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ በ1839 ይፋ ከሆነ በኋላ ባለሙያዎቹ የተወለወለ የብር ሰሌዳ በአዮዲን ትነት ላይ ይይዙና ቀለሙን ያያሉ። ወርቃማ ሆኖ ወደ ጽጌረዳማ ሲያደላ ሽፋኑ በቅቶታል ብለው ያነሱታል። በዓይናቸው ብቻ፣ ከሚሊሜትር አሥር ሺኛ የማይሞላ ውፍረት ይለኩ ነበር! እኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ የምወደው ይህን ነው።

በሳንቲሙም ላይ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ ወርቃማ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ፤ እየወፈረ ሲሄድ ቀለሞቹ ዳግም ይመላለሱና በመጨረሻ ይጠቁራል። ድኝ ባለበት የካርቶን አልበም ውስጥ የኖረ ሳንቲም ቀለሙ ከጠርዝ ወደ መሀል በቀለበት ይገባል፤ ሰማያዊው ካርቶኑን በተጠጋው ዳር፣ ወርቃማው ወደ ውስጥ።

የሚያምር ቀለም ዋጋ ስለሚያስወጣ አጭበርባሪዎችም አልቦዘኑም። በሙቀት፣ በኬሚካል፣ አልፎም በተቀቀለ እንቁላል ያቀልማሉ። ብዙውን ጊዜ የሚያጋልጣቸው የቀለሙ ተራ ነው፤ ወርቃማው ሐምራዊውን ዘሎ ሰማያዊ ላይ ከወደቀ ገዢው ይጠርጥር።

ሙዚየሞች ግን ጭንቀታቸው ሌላ ነው። የብሪቲሽ ሙዚየሙ አንድሩ ኦዲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው ፈተና እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ለማሳያ ሣጥን የታሰበውን ጨርቅ ወይም እንጨት ከብር፣ ከእርሳስና ከመዳብ ቁራጭ ጋር፣ ጥቂት ውኃ ጨምረው በጠርሙስ ያሽጉታል፤ በ60 ዲግሪ ሙቀት ለ28 ቀን ያቆዩታል። ብሩ ከጠቆረ ጨርቁ ወደ ሣጥኑ አይገባም። ሱፍ ብዙውን ጊዜ ይወድቃል፤ ጸጉሩ በተፈጥሮው ድኝ አለበትና።