ከሶፉ መካከል ሰው ሲወድቅ

በረመዳን ምሽቶች መስጊዶቻችን እስከ ደጃፋቸው ይሞላሉ። በዕድሜ የገፋውም፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስደውም ጾሞ ውሎ ለተራዊህ ይቆማል። ታዲያ አንዱ በድንገት ቢወድቅ አጠገቡ ያለው ሰው ኢማሙ እስኪያሰላምት ይጠብቅ? አይጠብቅም። ሰው ሲሰጥም ያየ ሰጋጅ ፈርድ ሶላትም ቢሆን አቋርጦ እንዲደርስለት የፊቅህ ሊቃውንት ግዴታ አድርገውበታል። ተራዊህ ደግሞ ሱንና ነው።

ትከሻውን መታ መታ አድርገን እንጥራው። አንዳችን ወዲያው እንደውል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907፣ የእሳትና አደጋ ደግሞ 939 ነው። አንድ ወጣት መንገድ ላይ ወጥቶ አምቡላንሱን ይምራ።

ካልመለሰልን አፉ ውስጥ ምንም አናፍስስ፤ የዘምዘም ውኃም ቢሆን ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ እናስተኛው። የማይተነፍስ ከሆነ በጀርባው አስተኝተን፣ መዳፋችንን ደራርበን የደረቱን መሐል 5 እና 6 ሴንቲ ሜትር ያህል እየገባ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እንጫን። ሲደክመን ሌላው ይተካን። የወደቀችው ሴት ስትሆን ወንዶች ሲያመነቱ እናያለን። የምትችል ሴት ካለች እሷ ትቅደም፤ ከሌለች ግን ዶሩራ ነውና ወንዱ እጁን አይሰብስብ።

የሚጥል በሽታ የያዘውን ሰው ክብሪት ማሽተት አይጠቅመውም። አንያዘው፣ አፉም ውስጥ ማንኪያ አናስገባ፤ ጠንካራ ዕቃ ከአጠገቡ እናርቅና መንፈራገጡ ሲያቆም በጎኑ እናስተኛው።

ብዙ የሚያከራክረን ግን ከመግሪብ በፊት ያለው ሰዓት ነው። የስኳር ሕመምተኛው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግሩ ይምታታል። «20 ደቂቃ ቀርቶኝ አላፈጥርም» ይላል። ልንሰማው አይገባም፤ ስኳር ሲወርድ ማስተዋልም ይቀንሳልና። መዋጥ ከቻለ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠን ወይም ጭማቂ እንስጠው፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው እንድገምለት። የጣት ደም መለካት ጾም አያፈርስም። ልኬቱ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ከሆነ አዛን ሊባል አንድ ደቂቃ ቢቀረውም ያፍጥር። ለበሽተኛ በሌሎች ቀናት ቀዷ ማውጣት በሱረቱል በቀራ የተሰጠ ፈቃድ ነው።

በየመስጊዱ ጫማ መደርደሪያ አጠገብ እነዚህ ሁለት ስልክ ቁጥሮች ይለጠፉ፤ አንድ ፓኮ ስኳርም በሴቶቹም በወንዶቹም በኩል ይቀመጥ።