ስለ ጊታር ድምፅ ለዋጮች ስያሜ

ጊታር ተጫዋች በመድረክ ላይ ሁለቱም እጆቹ ሥራ ይዘዋል። በዘፈኑ መካከል የመሣሪያውን ድምፅ ለመለወጥ የሚቀረው እግሩ ነው፤ ሸማኔ እጁ መወርወሪያውን ሲያመላልስ እግሩ ድሩን እንደሚከፍት ማለት ነው። በወለል ላይ የሚደረደሩትን የኤሌክትሪክ ሣጥኖች ፔዳል ብሎ መጥራት ተለምዷል። ቃሉ በብስክሌት በኩል ስለ ገባ ለፍኖተ ሰላምም ሆነ ለቡሬ ሰው እንግዳ አይደለምና እንዲተካ አንሻም። የሚያስቸግረው የእያንዳንዱ ሣጥን ተግባር ስም ነው።

በመድረክ ላይ ስም ትእዛዝ ነው። በሁለት ዘፈኖች መካከል ለድምፅ ባለሙያው የሚነገር ቃል በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ፣ ሙዚቀኛው ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል፤ የተርጓሚው ድካም በመዝገብ ላይ ብቻ ይቀራል። «የድምፅ መለዋወጫ» የሚለው ስያሜ ደግሞ ከርዝመቱ በላይ የመኪና ዕቃ መደብርን ያሳስባል።

ዲስቶርሽን የሚባለውን እንውሰድ። በስልክና በሬዲዮ ሥራ «መዛባት» ማለት ተገቢ ነው፤ በዚያ ጉድለት ነውና። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1962 ማይስትሮ ፈዝ ቶን የተባለው ፔዳል በአሜሪካ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ፣ ጊታረኞች ይህንኑ ሻካራ ድምፅ በገንዘባቸው ይገዙታል። በሙላቱ አስታጥቄ «የከርሞ ሰው» ውስጥ የሚሰማውን የጊታር ድምፅ የተዛባ ብሎ የሚተረጉም፣ ለአንባቢው የሚያቀርበው ትችት እንጂ ገለጻ አይደለም። በገና ደርዳሪዎቻችን ግን ለዚህ ነገር ቃል አላቸው። በክሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ እንዚራ ትባላለች፤ ክሩ በነዘረ ቁጥር እርሷን እየነካ ያን የታወቀ እዝዝታ ይሰጣል። እንዚራ የሌለው በገና ድምፁ ጥርት ያለ ቢሆንም የበገና አይሆንም። ይህ ቃል በግዕዝ የዜማ መሣሪያ ስም መሆኑን አንዘነጋም፤ ቢሆንም «እንዚራ» ለፈዝ ፔዳል ቢሰጥ አጭርና ትክክለኛ ነው እንላለን።

ሁለተኛው ዲሌይ ነው። «መዘግየት» የሚለው ትርጉም ቀና ቢመስልም ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ዲሌይ የተመታውን ድምፅ ቆይቶ ይመልሰዋል፤ በምዕራብ ጎጃም ገጠር ከብት የሚጠብቅ ልጅ ከሸለቆው ማዶ የሚመለስለት ድምፅ ይኸው ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በግማሽ ሴኮንድ የተስተካከለ ፔዳል 85 ሜትር ርቆ የቆመ ገደል ማለት ነው። ስሙም ገደል ማሚቶ ነው፤ በመድረክ ላይ «ማሚቶ» ብቻ ይበቃል። ሪቨርብ ግን ቃሉን አይደግምም፤ በሰፊ አዳራሽ ውስጥ እንደሚሆነው ያስረዝመዋል። ለእርሱ «ማስተጋባት» ይቅርለት።

«መዘግየት» የሚፈለገው ለጊታር ሲንተሳይዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ሮላንድ ኩባንያ ካወጣው ጂ አር 500 ጀምሮ የዚህ ዓይነት መሣሪያ የክሩን ድምፅ ብቻ አይለውጥም፤ ለስድስቱ ክሮች ለየብቻ በተተከለ ተቀባይ የእያንዳንዱን ክር ከፍታ አንብቦ ሌላ ድምፅ ያመነጫል። ስለዚህ ፔዳሉ «ለዋጭ»፣ ይህ ግን «አመንጪ» ነው። ከፍታውን ለማንበብ ቢያንስ የአንድ ሙሉ ንዝረት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ይህም ለቀጭኑ ክር 3 ሚሊ ሴኮንድ፣ ለወፍራሙ 12 ሚሊ ሴኮንድ ያህል ነው። ጊታረኛው በዋሽንት ድምፅ በወፍራሙ ክር ሲጫወት ከከበሮው ኋላ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የማይፈለግ መዘግየት ነው፤ ማሚቶ የሚፈለግ ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል የጠራ ተርጓሚ፣ ሙዚቀኛው «መዘግየቱን አጥፋልኝ» ሲለው የትኛውን ሊያጠፋለት ነው?

የመጨረሻው ድምፁ ከጊታሩ እስከ ማጉያው በየፔዳሉ የሚያልፍበት ቅደም ተከተል ነው። «ሰንሰለት» የሚል ቀጥተኛ ትርጉም አይተናል፤ እኛ ግን ፍኖተ ድምፅ እንመርጣለን። እንዲህ ያለ የግዕዝ ዘርፍ ከሊቃውንት ውጭ አይነገርም የሚል ካለ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ተቀምጦ የአውቶቡስ ረዳት ፍኖተ ሰላም ብሎ ሲጣራ ያዳምጥ። ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል፤ በፍኖተ ድምፁ ላይ እንዚራ ከማሚቶ ቢቀድም ተመላሹ ድምፅ ከፊተኛው ተለይቶ ይሰማል፣ ማሚቶ ከእንዚራ ቢቀድም ግን ሁሉም በአንድነት ይደፈርሳል።